ደግሜ እጽፈዋለሁ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በያጁ ወደ መሞከሪያው ጉድጓድ ሲጠጋ ከክዳኑ ሳንቃዎች አንዱ ተነስቶ አየ። ጎንበስ ብሎ ቢመለከት ሽማግሌው የሞተር ተመራማሪ ጋሽ ጆሮ ታች፣ ከመሰላሉ ሥር፣ በግራ ጎናቸው ተኝተዋል። መነጽራቸው እንኳ አልወለቀም። የእጅ ባትሪያቸው አጠገባቸው ወድቆ ድክም ባለ ብርሃን ግድግዳውን ያበራል።

በያጁ አልጮኸም። አልወረደምም። ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ሄደና የአየር መሳቢያውን አብርቶ፣ እጁን አጣጥፎ አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ፖሊስ የጠራው።

መርማሪዋ ስትደርስ መጀመሪያ ያልተዋጠላት ነገር ይኸው ነበር። ሰው ወድቆ አይቶ አሥር ደቂቃ የሚቆም ምን ዓይነት ሰው ነው?

ቦታው ከወደቡ ጫፍ ያለ የመርከብ ሞተር ምርምር ማዕከል ነው። በሰፊው አዳራሽ መሐል አንድ የመርከብ ሞተር፣ ቤት የሚያክል፣ ከሲሚንቶ መሠረት ላይ በወፋፍራም ብሎን ታስሮ ተቀምጧል። ከጎኑ ሦስት ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ አለ፤ ቧንቧዎቹና የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያልፉት በዚያ ነው። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ሰዉ፣ ሁሉም የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

ሐኪሙ ሬሳውን አገላብጦ ካየ በኋላ ጓንቱን አወለቀ። «ቁስል የለም። መርዝም አይመስለኝም። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሞቱት። ትናንት እሑድ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ።»

«ታፍነው?»

«ያፈናቸው እጅ የለም። አየር ነው የጠፋው።»

መርማሪዋ በያጁን ከሞተሩ ጀርባ አስቀመጠችው። ሃምሳ ያለፈው፣ ቅንድቡ ከብየዳው ብዛት የተላጠ ሰው ነው። ረዳቷ ሳጅን ማስታወሻውን ከፍቶ ከጎኗ ቆመ።

«ለምን አልወረድክም?»

«ብወርድ ኖሮ ዛሬ ሁለት ሬሳ ነበር የምታወጡት፣ ልጄ።» አንድ ረጅም የጋዝ ቦምቦላ በአገጩ አመለከታት። «ይሄ አርጎን ነው። ስበይድ አየር ብረቱን እንዳያበላሽብኝ ነው የምጠቀምበት። ዓርብ ስወጣ ሙሉ ነበር። ዛሬ እንደገባሁ ዓይኔ መለኪያው ላይ አረፈ፤ ባዶ ነው። ቀጥሎ ሳንቃው ተነስቶ አየሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«አርጎን ሽታ የለው፣ መልክ የለው። ከአየር ይከብዳል። ጉድጓድ ካገኘ እንደ ውሃ ገብቶ ይተኛል። እዚያ የወረደ ሰው አያስለው፣ አያንቀው፤ ሁለት ጊዜ ተነፈሰ ማለት አለቀ። መሳቢያው ጋዙን እስኪያወጣው ነው አሥር ደቂቃ የቆምኩት።»

«ይህን የሚያውቀው ማነው?»

«ሁሉም! እኔ ራሴ እየዞርኩ ስለፈልፍ ነው የኖርኩት። ለዳይሬክተሩ ነግሬያለሁ፣ ለጥበቃዎቹ ነግሬያለሁ፣ ለጽዳቷ ለእትዬ እንኳ ሳይቀር ነግሬያለሁ። ሰው እንዳይሞትብኝ ብዬ እኮ ነው።» በተጠቀለለው እጅጌው አፍንጫውን ጠረገ።

መርማሪዋ ወደ ቦምቦላው ሄደች። የጋዙ ጎማ ከመስቀያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጥቅልሉ እኩል፣ ጫፉ በመሐሉ ተሸጉጦ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ጎማ ሁሉ ጥቀርሻና ዘይት ለብሷል፤ የዚህኛው ጫፍ ግን እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ተጠርጎ ንጹሕ ነው።

«ሁልጊዜ እንዲህ አድርገህ ነው የምትሰቅለው?»

በያጁ ቀና ብሎ አየና ግንባሩን ቋጠረ። «እኔ? እኔ መሬት ላይ ነው የምወረውረው። ስንት ዓመት የተሰደብኩበት ጉዳይ ነው።»

ሳጅን ከአዳራሹ ሲወጡ ጠጋ አላት። «ቦምቦላው የሱ፣ ጎማው የሱ፣ ዕውቀቱ የሱ። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን?»

«የሱ መሆኑ ነው እኮ ያስቸገረኝ» አለች መርማሪዋ። «ሰው ሊገድል የፈለገ ሰው ቦምቦላው ባዶ መሆኑን ራሱ ይነግረናል?»

«ብልጥ ከሆነ ይነግረናል።»

«ብልጥ ቢሆን ዓይን እንዳይስብ ጎማውን እንደወትሮው መሬት ላይ ይወረውረው ነበር።»

የጋሽ ጆሮ ቢሮ ፎቅ ላይ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ ወንበር የለም። ግድግዳው ላይ የሞተር ሥዕሎች ተለጥፈዋል፤ ጥግ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ቀጭን የብረት ዘንግ ቆሟል። አብራቸው የምትሠራው የዘይት ተመራማሪ ዘንጉን አንስታ አሳየቻት።

«ስማቸው ከዚህ የመጣ ነው። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የትኛው ኩሽኔታ እንደታመመ ከመሣሪያው በፊት ይነግሩናል። ዋና ሥራቸው ንዝረት ነበር፤ የሞተርና የቧንቧ መንቀጥቀጥ።»

«እሑድ ምን ይሠራሉ እዚህ?»

«እሑድ ለሳቸው የሥራ ቀን ነው። ክሬኖቹ ይቆማሉ፣ መኪናው ይቀንሳል፤ ትንሿ ንዝረት እንኳ ጥርት ብላ ትለካለች። ለዚህ ነው ይሉናል።» ተመራማሪዋ ዘንጉን በቀስታ ወደ ቦታው መለሰችው። «እኔ ግን የሚሄዱበት ስለሌላቸው ይመስለኝ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅ የላቸውም። አንድ እሑድ ምሳ ቤቴ ልጋብዛቸው አስቤ... እንዲሁ ሳልጋብዛቸው ቀረሁ።»

መርማሪዋም ብትሆን እሑድን የምታሳልፈው ቢሮዋ ነው። እናቷ ካረፉ ዓመት አልፏል፤ እስካሁን ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን የመድኃኒት ሰዓት የደረሰ ይመስላትና ብድግ ትላለች። ብድግ ካለች በኋላ የምትሄድበት ይጠፋታል።

«ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት እንኳ አልነበራቸውም። ግን ዓርብ ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልተዋል። ፎቁ በሙሉ ሰምቷል። ዳይሬክተሩ ‹የዘይተኛው ጉዳይ ተዘግቷል! ጥፋተኛው እሱ ነው ተብሎ ተፈርሟል!› ይላል። ጋሽ ጆሮም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰውዬ፣ በሩን ከፍተው እየወጡ ‹ደግሜ እጽፈዋለሁ! ስሙን ጠርቼ ደግሜ እጽፈዋለሁ!› አሉ።»

«ዘይተኛ ማነው?»

«የሞተሩን ዘይት የሚከታተል የመርከብ ሠራተኛ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ማዕበል ላይ ሞተሯ ቆሞ ዐለት ላይ የተሰባበረች ጭነት መርከብ ነበረች፤ ሰባት ሰው ሞቶባታል፤ ዘይተኛው ራሱ አንዱ ነው። የምርመራውን ሪፖርት የጻፉት ጋሽ ጆሮ ናቸው፣ የፈረመው ዳይሬክተሩ። ‹ዘይተኛው ዘይቱን ቸል በማለቱ ሞተሩ ደርቆ ነክሶ ቆመ› ነው የሚለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ያንን ፋይል እንደገና አውጥተውት ነበር። ምን እንዳገኙ ሲጨርሱ እንደሚነግሩኝ ብቻ ነው ያሉኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ፋይል የሚባል ነገር የለም። አቧራው ላይ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ ብቻ ቀርቷል። አንድ ሰው ወረቀቱን አንስቶታል።

መርማሪዋ ያንን ቦታ ስትመለከት በሩ ተንኳኳ። ሰማያዊ ሽርጥ ያደረጉ፣ አጭርና ቀጭን ሴት የቆሻሻ ከረጢት ይዘው ቆመዋል።

«ቅርጫቱን ላውጣው ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ፣ እትዬ» አለች ተመራማሪዋ፤ ወደ መርማሪዋ ዞር ብላም «የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው» ብላ ወጣች።

«ጋሽ ጆሮን ያውቋቸው ነበር?» ስትል መርማሪዋ ጠየቀቻቸው።

«ወለላቸውን አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

እትዬ ትንሽ አሰቡ። «ወረቀት የሚወዱ ሰው ነበሩ።»

«እዚህ ከገቡ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«ስምንት ወር።»

«ቤትዎ የት ነው?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ከሳሙና ፋብሪካው ጀርባ።»

«ከማን ጋር ይኖራሉ?»

«ብቻዬን።»

መርማሪዋ «እኔም» ልትል ነበር። ከአፏ መለሰችው። በማስታወሻዋ ላይ አድራሻውን ጽፋ አሰናበተቻቸው።

ዳይሬክተሩ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲናገር ብዕር የሚያሽከረክር ሰው ነው። እሑድ ጠዋት የት እንደነበረ ሲጠየቅ መልሱን አዘጋጅቶ የጠበቀ ይመስል ነበር።

«አውሮፕላን ማረፊያ። ወንድሜን ልቀበል። ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት እዚያ ነበርኩ፤ ካሜራው ይመስክር።»

«ዓርብ ከሟቹ ጋር ለምን ተጣላችሁ?»

«ሥራ ላይ ሰው አይጨቃጨቅም?»

«ፋይላቸው ጠፍቷል።»

ብዕሩ ቆመ። «የምን ፋይል?»

ሳጅን ፈቃድ ይዞ የዳይሬክተሩን ቢሮ የፈተሸው ማክሰኞ ነው። ፋይሉን ከታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያዎች ሥር አገኘው። ሳጅን እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። «በቃ! ሰውዬው ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ነው የወሰደው። ገዳይ ካልሆነ ለምን ይደብቃል?»

ዳይሬክተሩ ላብ በላብ ሆነ። «ፊርማዬ አለበት!» አለ። «የድሮው ሪፖርት ስህተት ነው ከተባለ መጀመሪያ የምባረረው እኔ ነኝ። አዎ፣ ወስጃለሁ። ሰው ግን አልገደልኩም። እሑድ ማረፊያው ላይ ነበርኩ አልኳችሁ እኮ!»

ካሜራውም አላሳፈረውም። ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት አበባ ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል። በያጁም እሑድ ጠዋት ጎረቤቱ ቤት በር ሲበይድ እንደዋለ አራት ሰው መሰከረለት። በእሑድ ከሄዱ ሁሉም ንጹሕ ነው፤ ጋሽ ጆሮ ግን ሞተዋል።

ረቡዕ ጠዋት መርማሪዋ ብቻዋን ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ከጉድጓዱ አፍ ቁጭ ብላ ታች ታያለች፤ የምታየው ነገር ግን የለም። በመጨረሻ የዘይት ተመራማሪዋን አስጠራቻት።

«ሰውዬው ንዝረት ነው የሚለኩት ብለሽኛል። መሣሪያው እሑድ ይሠራ ነበር?»

ተመራማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ሁልጊዜ ነው የሚሠራው! ሴንሰሮቹ መሰላሉ ሥር ካለው ብረት ላይ ተለጥፈዋል። ቀንና ሌሊት ይቀዳሉ። እንዴት አላሰብኩትም?»

ቅጂውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችው። እሑድ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ መስመሩ መዝለል ጀመረ። ተመራማሪዋ በጣቷ እየቆጠረች ተከተለችው፤ መሰላሉ ላይ የወረዱ አሥራ አንድ እርምጃዎች ናቸው። ከዚያ አንድ ትልቅ ዝላይ። ከዚያ መስመሩ ተኛ። የሚወጣ እርምጃ የለም፤ የሌላ ሰው እርምጃም የለም። እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ሰዓት በሰዓት ላይ የተኛ መስመር ብቻ።

ተመራማሪዋ ፊቷን አዞረች። መርማሪዋ ግን ዓይኗን መንቀል አቃታት። አንድ ሰው ብቻውን ሲሞት ይህን ይመስላል።

«ወደኋላ መልሺው» አለች ከቆይታ በኋላ። «ቅዳሜን አሳዪኝ።»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ የማያቋርጥ መስመር ተነሳ። ለአንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እየሳሳ ጠፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሞተር አይደለም። በጣም ቀጭን ነገር ነው። ልክ አንድ ነገር እንደሚያፏጭ...»

በያጁን ጠሩት። አዲስ ቦምቦላ አምጥቶ ጎማውን በመሰላሉ አስታኮ ወደ ጉድጓዱ ሰደደና ከፈተው። ኮምፒውተሩ ላይ ያው ፀጉር መሰል መስመር ተነሳ። በያጁ ላይተሩን አብርቶ በሽቦ አሥሮ ወደ ታች ሲያወርደው እሳቱ ከጉድጓዱ ወገብ ላይ ሳይደርስ ጭል አለና ጠፋ።

«ክዳኑ ከተዘጋ ስንት ጊዜ ይቆያል ታች?» አለች መርማሪዋ።

«ንፋስ ካልነካው? አንድ ቀን ምን አላት።»

እሷም ቁጭ አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እሑድ ስትጠይቅ ኖራለች። ገዳዩ እሑድ የት እንደዋለ ምን ይረባል? ሞቱን ቅዳሜ ከሰዓት ደግሶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ቤቱ ገብቷል። እሑድ ጋሽ ጆሮ እንደሚወርዱ የማያውቅ ሰው የለም።

«ቅዳሜ ማን ነበር? መዝገቡን አምጡልኝ።»

የጥበቃው መዝገብ ሰኞ ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ እሷ ራሷ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። አሁን ጣቷን አስጠግታ መስመር በመስመር ሄደችበት። በያጁ ቅዳሜ ከናካቴው አልገባም። ዳይሬክተሩ ሰባት ሰዓት ገብቶ ስምንት ከሩብ ወጥቷል። ጋዙ የተከፈተው ስምንት ከሃምሳ ነው። ሳጅን ከኋላዋ ቆሞ ተነፈሰ፤ ዳይሬክተሩን አጣው።

ቀጥሎ ያለውን መስመር ጣቷ ሊያልፈው ሲል ቆመ። «ጽዳት። ገባች 8፡30። ወጣች 11፡00።»

ሦስት ጊዜ ያነበበችው መስመር ነው። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኗ ዘሎታል። በራሷ አፈረች።

ከመዝገቡ ተነስታ የተደበቀውን ፋይል ከፈተች፤ እስከዚያ ድረስ ሳጅን እንጂ እሷ ገልጣ አላየችውም። የጋሽ ጆሮ አዲሱ ሪፖርት በእጅ የተጻፈ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። መርከቧ ከመስጠሟ ስድስት ወር በፊት በተደረገላት ጥገና የዘይት ቧንቧዋ መያዣ በማይሆን ቦታ ተበይዷል። ሞተሩ በአንድ በተለየ ፍጥነት ሲዞር ቧንቧው ይንቀጠቀጣል፤ ጋሽ ጆሮ ያንኑ ቧንቧ አምሳያ ሠርተው፣ ጉድጓዱ ውስጥ እሑድ እሑድ እየለኩ ደርሰውበታል። ብየዳው ከመንቀጥቀጡ ብዛት ተሰነጠቀ። ዘይቱ በስንጥቁ ወጣ። የግፊት መለኪያው ከስንጥቁ በፊት፣ ከፓምፑ አጠገብ ስለነበር ሁሉ ሰላም ነው ይላል። «ዘይተኛው በየሰዓቱ መዝግቧል። የመዘገበውም እውነት ነው። ሐሰተኛ ያልኩት እኔ ነኝ» ይላል የመጨረሻው ገጽ።

ከሥሩ አንድ የታሸገ ፖስታ አለ። ላዩ ላይ «ተቀባይ አልተገኘም» የሚል ማኅተም ተመትቶበት የተመለሰ ነው። አድራሻው «ለዘይተኛው እናት» ብሎ ጀምሮ «ከወንዙ ማዶ፣ ከሳሙና ፋብሪካው ጀርባ» ይላል።

ማስታወሻዋን ማየት አላስፈለጋትም።

«በቃ ይህን ወረቀት አሳዪያት» አለ ሳጅን። «ልጅሽን ነጻ የሚያወጣውን ሰው ነው የገደልሽው በያትና እዚያው ትሰበራለች፤ ቃሏን በአምስት ደቂቃ እንጨርሳለን።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«የልጇን ስም መዶሻ አላደርገውም።» ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አንተ ውጭ ጠብቀኝ።»

የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል ከደረጃው ሥር ናት። መስኮት የላትም። እትዬ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ጨርቅ ያጣጥፋሉ። የወለል መወልወያው ማሽን ከጥግ ቆሟል፤ ረጅሙ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከመዳፍ እስከ ክርን እየተለካ እኩል ተጠቅልሏል፣ ጫፉም በመሐሉ ተሸጉጧል። መርማሪዋ ገመዱን አየች። እትዬ ደግሞ መርማሪዋ ገመዱን ስታይ አዩዋት።

«ቅዳሜ የጋዙን ጎማ እርስዎ ነዎት የጠቀለሉት?»

እትዬ ጨርቁን አጣጥፈው ጨረሱ። «አዝረክርኬ አላስቀምጥም። እጄ ለምዶ ነው።»

«የሚናገሩት ሁሉ ይጻፋል፣ እናቴ። ዝም ማለትም ይችላሉ።»

«ዝም ብዬ እኮ ነው የኖርኩት።» ሴትየዋ ቀና አሉ። «እዚህ ቤት ስምንት ወር ሠርቻለሁ። አንድ ሰው ልጅ አለሽ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር። ስሜን የሚያውቅ እንኳ የለም።»

«እኔም አልጠየቅኩዎትም።»

«አንቺማ የት እንደምኖር ጠይቀሻል።»

መርማሪዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

«ልጄን ባሕሩ አልመለሰልኝም» አሉ እትዬ። «የመለሰልኝ ወሬውን ነው። የሪፖርቱ ወሬ በጋዜጣ ሲወጣ ለቅሶዬ ላይ የነበረው ሰው ተነስቶ ሄደ። ከሌሎቹ ስድስት ቤት ጋር አብረን እናለቅስ ነበር፤ የነሱን ልጆችና ባሎች የኔ ልጅ እንደገደላቸው ሲሰሙ በራቸውን ዘጉብኝ። የካፒቴኑ ሚስት መንገድ ላይ አይታኝ ተሻገረች። በሬን የሚያንኳኳ ሲጠፋ ይህንን የጻፈ ሰው ፊቱ ምን ይመስላል ብዬ መጣሁ። ማየት ብቻ ነበር ሐሳቤ። አየኋቸው። ደህና ዋልሽ፣ ደህና እደሪ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። በጥላቻዬም መቆም አቃተኝ፤ ልተወውና ሌላ ሥራ ልፈልግ እያልኩ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዓርብ መጣ። መተላለፊያውን እወለውላለሁ። የልጄን ነገር ሲያነሱ ሰማሁ። አንዱ ተዘግቷል ይላል። እሳቸው ግን በሩን በርግደው ወጡና ‹ስሙን ጠርቼ ደግሜ እጽፈዋለሁ› አሉ።» ያጣጠፉትን ጨርቅ መልሰው በተኑት። «አንዴ መጻፉ አልበቃም? አሁን ደግሞ ስሙን ጠርቶ? ልጄ ትንፋሽ አጥቶ ነው የሞተው። እሳቸውም ትንፋሽ ይጡ አልኩ። በያጁ እየደጋገመ ነግሮኝ የለ፣ እንደ ውሃ ታች ይተኛል ብሎ። ሌላ አልጨምርልሽም፤ እንዲሞቱ ፈልጌ ነው።»

መርማሪዋ ጽፋ ጨረሰች። አስፈረመቻቸው። ከዚያ ብዕሩን ወደ ኪሷ መለሰች፤ እጇ ግን ፖስታው ላይ ቆየ። ሥራዋ አልቋል። ተነስታ መሄድ ትችላለች፤ ሌላ ሰው ሌላ ቀን ይነግራቸዋል፣ ከማያውቁት አፍ፣ በማያውቁት ክፍል ውስጥ።

«እናቴ፣ ሌላ ነገር አለ። ከቃልዎ ጋር አይያያዝም። ቢሰሙት ይከብድዎታል፤ እንዳይሰሙት ለማድረግ ግን መብት የለኝም። ጋሽ ጆሮ የላኩልዎት ደብዳቤ ነው። ቤትዎ ሰው ስላልተገኘ ተመልሷል።»

ፖስታውን ቀደደችና አነበበችላቸው። አጭር ነበር። «ክብርት እናት፤ ልጅዎን በድያለሁ። ዘይቱን ቸል አላለም። በመጨረሻው ሰዓት እንኳ ሥራው ላይ ነበር፤ መለኪያውን እያነበበ ጽፏል። መለኪያው ነው ያታለለው፣ እኔም ያንን ሳላጣራ በእሱ ላይ ጻፍኩ። አሁን ሪፖርቱን ለውጬ እየጻፍኩ ነው። ስሙ ከጥፋቱ ነጽቶ በግልጽ እንዲጠራ አደርጋለሁ። ከፈቀዱልኝ መጥቼ ፊትዎ ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ።»

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው የወረቀቱን ጠርዝ ነኩ።

«የልጄን ቦታ ድገሚልኝ» አሉ።

«‹በመጨረሻው ሰዓት እንኳ ሥራው ላይ ነበር፤ መለኪያውን እያነበበ ጽፏል።›»

«እንዲህ ነው ልጄ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዲህ ነው።» ፊታቸው ለአንድ አፍታ በራ፤ ከዚያ ብርሃኑ እዚያው ላይ ሲሞት መርማሪዋ አየች። «ደብዳቤው ሲመጣ የት ነበርኩ?»

«ሥራ ላይ።»

«እዚህ» አሉ እትዬ። «የሳቸውን ወለል እየወለወልኩ።»

የወጣው ድምፅ ለቅሶ አልነበረም። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር የተቀደደበት ሰው ድምፅ ነበር። ሳጅን በሩን ከፍቶ ብቅ አለ፤ መርማሪዋ በዓይኗ መለሰችው። ሴትየዋን ደግፋ ይዛቸው ክፍሏ ውስጥ ተቀመጡ፤ ማንም አላጣደፋቸውም።

አዲሱ ሪፖርት ከአንድ ወር በኋላ ወጣ። የዘይት ተመራማሪዋ ከጋሽ ጆሮ ልኬቶች የቀረውን ጨርሳ አዘጋጀችው፤ ዳይሬክተሩም ሥራውን እንደሚለቅ እያወቀ ፈረመበት። መርማሪዋ ስድስት ቅጂ አስቀዳች። ይህን እንድታደርግ ያዘዛት የለም። ፖስታ ቤት ልትሰጠው ትችል ነበር፤ አልሰጠችውም። በስድስት እሑድ ስድስት ቤት አንኳኳች።

አንዳንዱ በር ላይ ተቀብሎ ዘጋ። አንድ አባት አስገብቶ እስከ መጨረሻው አስነበባት። የመጨረሻው ቤት የካፒቴኑ ነበር። ሚስቲቱ ወረቀቱን ቆማ አነበበች፤ ከዚያ ተቀምጣ እንደገና አነበበችው። ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር እየፈላ ክዳኑን ያንገጫግጫል፤ ተነስታ አላጠፋችውም።

«መንገድ ተሻግሬባታለሁ» አለች።

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችው።

«አሁን የት ናት?»

«እስር ቤት። ፍርዳቸውን እየጠበቁ ነው።» ነገሩን ከነምክንያቱ፣ ሳትቀንስ ነገረቻት።

የካፒቴኑ ሚስት ተነስታ እሳቱን አጠፋችና ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ጠየቀች።

«መጠየቂያው ቀን መቼ ነው?»

«ሐሙስና እሑድ።»

«ዛሬ እሑድ አይደል?» ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሳች። «ነይ፣ መንገዱን አሳዪኝ።»